ጨርቁ እንዳይንሸራተት

ወደዚያ ወርክሾፕ የገባሁት ሸራ ልሰፋ ነበር። ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ባሌን ፈትቼ ከአጋሮ ወደ አባቴ ቤት ከተመለስኩ ዓመት አልፎኛል። አባቴ ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር በረንዳ ላይ ከአንድ አሮጌ የእግር ስፌት መኪና ጋር ዕድሜያቸውን የገፉ ልብስ ሰፊ ናቸው። ደርግ ከመጣ በኋላ ከነመኪናቸው የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ገብተው ካኪ ብቻ ነበር የሚሰፉት። እኔም መቀስ መያዝ የተማርኩት ከእሳቸው ጉልበት ሥር ቁጭ ብዬ ነው። ስለዚህ ቀበሌው የቡና ማስጫ ሸራ የሚሰፋ ሰው ተፈልጎ ሲጠየቅ፣ ፈት ሴት ቤት ከምትቀመጥ ትሥራ ተባለና ተላክሁ። «ፈት» የምትለዋን ቃል የቀበሌው ጸሐፊ ጮክ ብሎ ነው ያነበባት። ቀና ብዬ አየሁት እንጂ አላቀረቀርኩም።

ወርክሾፑ ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ኪቶ ፉርዲሳ በሚወስደው መንገድ ላይ የነበረ የመንግሥት ድርጅት ነው። የቡና መፈልፈያ ይጠግናል፣ ጋሪ ይሠራል፣ በር ይበይዳል። እኔና ሁለት ሴቶች ዳር ላይ ባለች ክፍል ሸራችንን እንሰፋለን። ከጣውላው ግድግዳ ማዶ የሠራተኞቹ አለቃ ካቦው ነበሩ። ካቦው ከነቀምት የመጡ አናጺ ናቸው። በእጅ ሥራ የሚወዳደራቸው አልነበረም፤ ምላሳቸው ግን መራራ ነው። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው።

በዚያ ክረምት ካቦው ላይ አዲስ ሥራ ወደቀ። ለቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ገንዳ ይሥሩ ተባሉ። የተፈለፈለ ቡና ውኃ ውስጥ ተነክሮ የሚያድርበት ገንዳ ድሮ በሲሚንቶ ነበር የሚሠራው፤ ሲሚንቶ ግን ጠፍቶ ነበር። በምትኩ ከወዳጅ አገር በመርከብ መጣ የተባለ ጥቅል ጨርቅና በርሜል ሙጫ ተላከልን። ጨርቁ ነጭና አብረቅራቂ ነው፤ ከመስታወት ክር የተሸመነ ስለሆነ እኛ የመስታወት ጨርቅ አልነው። ሙጫው ከማጠንከሪያው ጋር ሲቀላቀል መጀመሪያ እንደ ማር ይወፍራል፣ ከዚያ ድንጋይ ይሆናል። አሠራሩ ሲያወሩት ቀላል ነው። የጣውላ ፎርማ ይሠራል፣ ውስጡ ሰም ይቀባል፣ ጨርቁ ይነጠፍበታል፣ ሙጫው በብሩሽ ይቀባበታል፣ በላዩ ሌላ ጨርቅ ይደረባል፤ ሲደርቅ ገንዳው ከፎርማው ይወጣል። ሰሙን ከሰቃ ገበያ እንደ ልብ እናገኝ ነበር።

አስቸጋሪው ጨርቁ ነው። ወለሉ ላይ እሺ ብሎ ይተኛል። ግድግዳው ላይ ግን ሙጫው ሲነካው ይከብድና እየተንሸራተተ እንደ ላላ ካልሲ ታች ይከመራል። ማዕዘኑ ጋ ሲደርስ ደግሞ ከእንጨቱ ጋር አይጣበቅም፤ ከግድግዳው ወደ ወለሉ ተወጥሮ ከሥሩ ባዶ ይተዋል። በጅማ ክረምት ሙጫው ቶሎ ስለማይዝ ለመንሸራተት ሰፊ ጊዜ ነበረው። ካቦው በሚስማር ወጠሩት፤ ሚስማሩ የተነቀለበት ቦታ ሁሉ ቀዳዳ ሆነ። በድንጋይ ደገፉት፤ ድንጋዩ አብሮ ደርቆ ቀረ። ሁለት ገንዳ አውጥተው ሁለቱም ውኃ ሲሞላባቸው በየጎናቸው አነቡ።

ይህን ሁሉ እኔ በጣውላው ስንጥቅ አይ ነበር። አንድ ቀን መታገሥ አቃተኝና መርፌዬን ሸራው ላይ ሰክቼ ተነሳሁ። ጨርቁ የሚንሸራተተው ሳይቆረጥ ስለሚነጠፍና ከላይ የሚይዘው ስለሌለ ነው አልኳቸው።

«ይሄ የሴት ቀሚስ አይደለም። ወደ ሸራሽ ተመለሽ» አሉኝ።

«ቀሚስም ትከሻ ላይ ካልተያዘ ይወርዳል፣ ጋሼ።»

አልሳቁም፤ አላባረሩኝምም። ጥግ ላይ ባልዲ የምታህል ፎርማ ነበረች። በእግራቸው ገፋ አድርገው ወደ እኔ አስጠጓትና ሥራቸውን ቀጠሉ።

የፎርማዋን ልክ በጋዜጣ ወሰድኩ። በዚያን ጊዜ ጋዜጣ መቁረጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የሊቀመንበሩን ፎቶ ያየሁበትን ገጽ አጥፌ አስቀመጥኩና ስለ ማሽላ ምርት የሚያወራውን ቆረጥኩ። ወለሉን ለብቻ፣ ግድግዳዎቹን ለብቻ፣ ማዕዘኑን ደግሞ እንደ እጅጌ ብብት በሰያፍ አወጣሁ። በዚያ ልክ የመስታወቱን ጨርቅ ቆረጥኩት። የላይኛውን ጠርዝ በገመድ ላይ አጥፌ ሰፋሁና ገመዱን ከፎርማው አፍ ውጪ በተመቱ ሚስማሮች አንጠለጠልኩት። ጨርቁ ልብስ ሰፊ ከመስፋቱ በፊት እንደሚያስረው በረጃጅም ስፌት ተያይዞ፣ ሙጫ ሳይነካው በፊት ፎርማው ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆመ። ማዕዘኑን በቀርከሃ ዱላ እየተጫንኩ ሙጫውን አጠጣሁት። አልተንሸራተተም።

በሦስተኛው ቀን ባልዲዋ ወጣች፤ ውኃ ሞላንባት። በማግስቱ ስመጣ ከታች እስከ ላይ በስፌቱ መስመር ላይ የውኃ ጠብታ ተሰልፎ አገኘሁ። የሰፋሁት በጥጥ ክር ነበር፤ ጥጡ ውኃውን እየጠጣ ወደ ውጪ ያወጣዋል። ሸራ ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁለቱ ሴቶች ሳይቀሩ ሳቁ። ካቦው አልሳቁም፤ ባልዲዋን ገልበጥ አድርገው አዩና መልሰው አስቀመጧት። እኔ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ለአባቴ ነገርኳቸው። የጨርቁን ቁራጭ ተቀብለው በጣታቸው መሀል አሻሹት፣ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት፣ ከዚያም መዳፋቸውን አከኩ።

«ሐርን በምን ነው የምሰፋው?» አሉኝ።

«በሐር።»

«ሱፍንስ? ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ጨርቅ በወገኑ ነው የሚሰፋው» አሉና ወደ ካኪያቸው ተመለሱ።

ያን ጊዜ ገባኝ። በማግስቱ ከራሱ ከመስታወቱ ጨርቅ ጠርዝ ክር መዘዝኩ። ክሩ ከተጠመዘዘ ይሰበራል፤ ቀጥ አድርጎ ለያዘው ግን ጠንካራ ነው። ትንሽ ሰም አስነካሁትና በጆንያ መስፊያ ረጅም መርፌ ሰፋሁበት። ሁለተኛዋ ባልዲ ሳምንት ሙሉ ውኃ ይዛ ተቀመጠች፤ ሥሯ ያለው አመድ አልረጠበም። ካቦው አመዱን በጣታቸው ነክተው አዩና፣ ከነገ ጀምሮ ከጣውላው ግድግዳ በእሳቸው በኩል እንድቀመጥ ነገሩኝ። የተናገሩት ይህን ብቻ ነበር።

ሥራው ሰውነት ይበላል። የመስታወቱ ብናኝ ክንድና አንገት ውስጥ ይገባል፤ ቢታጠቡትም ያሳክካል። ሰፈራችን ውስጥ ያቺ ፈት እከክ ይዟታል ተባለ። እናቶች ልጆቻቸውን ከእኔ ማራቅ ጀመሩ። አባቴ ረጅም እጅጌ ሰፍተው ሰጡኝ። እኔ ግን አንዳንድ ቀን ሆን ብዬ እጅጌዬን ጠቅልዬ ነበር በሰፈሩ መሀል የማልፈው።

ነሐሴ ላይ ትልቁን ገንዳ ጀመርን። የሰቃ ገበሬዎች ማኅበር ነው የሚረከበው። በድርጅታችን የፖለቲካ ኃላፊ የነበረው ካድሬ፣ በካኪው ኪስ ሦስት እስክሪብቶ የሚሰካ ሰው፣ ለአብዮት በዓል ገንዳው በሰልፍ እንዲታይ ለበላዮቹ ቃል ገብቷል። ሦስት ግድግዳ ሰፍተን፣ አንጠልጥለን፣ ሙጫ አጠጥተን ጨረስን። አራተኛው ሲቀር ሴቶች በሙሉ ለሰልፍ ልምምድ ይውጡ ተባለ። አራት ቀን ስታዲየም ውስጥ በዝናብ ቀኝ ኋላ ዙር ስንል ዋልን። ተመልሼ ስመጣ ገንዳው ከፎርማው ወጥቶ፣ ቀይ ቀለም ተቀብቶ፣ በጎኑ ላይ ማዕዘኑን ዞሮ የሚያልፍ መፈክር ተጽፎበት ቆሟል።

በመቀሴ እጀታ ዙሪያውን መታሁት። በሦስቱ ግድግዳ ድምፁ ደረቅና ጥብቅ ነበር። አራተኛው ላይ፣ ከማዕዘኑ ስደርስ እንደ ባዶ ቅል ጮኸ። ካቦውን አየኋቸው፤ ፊታቸውን አዞሩ። ስፌት ጊዜ ይፈጃል ተብሎ ጨርቁ እንዲሁ ተለጥፎ እንደነበር ኋላ ላይ ሰማሁ።

ካድሬው መጣ። ማዕዘኑ ባዶ መሆኑን፣ ውኃ ሲሞላ እንደሚሰነጠቅ ነገርኩት።

«ሰልፍ ላይ ውኃ አይሞላበትም» አለ።

«ከሰልፉ በኋላስ፣ ጓድ?»

«ከሰልፉ በኋላ ሰቃ ይሄዳል።»

ይህን ብሎ ወደ ቢሮው ገባ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ስለ ሰቃ ገበሬዎች ያሰብኩ መስሎ እንዲታየኝ እፈልግ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን በዚያች ደቂቃ ያሰብኩት ስለ ስፌቴ ነው። ሦስቱ ግድግዳ የእኔ ነው፤ አራተኛው ሲሰነጠቅ የሚሰነጠቀው ሁሉም ነው። የሸራ ቢላዋዬን አመጣሁና ሠራተኛው ሁሉ እያየ ማዕዘኑን በአራት መስመር ቆረጥኩት። የመዳፍ ስፋት ያህል ቁራጭ ወጣ፤ እንደ እንቁላል ቅርፊት የሳሳ ነበር። ከኋላው የተጨማደደ ደረቅ ጨርቅ፣ ሙጫ ያልነካው፣ ታየ። ቀዳዳው መፈክሩ መሀል ላይ ነው ያረፈው። ያንን ልብ ያልኩት ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ነው።

በማግስቱ ከሰዓት ሂስና ግለሂስ ተጠራ። አባቴ ወሬውን ሰምተው ምሳ ሰዓት ላይ እስከ ወርክሾፑ በር በእግራቸው መጡ። ተሳስቻለሁ በይ አሉኝ፤ አንድ ቃል ናት፣ ትወጣለች ታልፋለች፣ አላህ ልብን ያውቃል አሉኝ። ሂዱ አባ፣ ዝናብ ይመጣል አልኳቸው።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ካድሬው ተነስቶ ብዙ ተናገረ፤ ከመሀል ያቺን ቃል አወጣት፤ አሻጥር። በዚያ ዘመን ቃሏ ስትነገር ወንበር እንኳን አይንቋቋም ነበር። በእሷ የተጠሩ ሰዎች ወዴት እንደሄዱ ሁላችንም እናውቃለን። ሠራተኞች በየተራ ተነስተው ሂስ ሰጡኝ፤ ሥርዓት የላትም፣ ግለኛ ናት፣ ለሕዝብ ንብረት አታስብም። ካቦውም ተነሱ። ወለሉን እያዩ፣ ጎበዝ ሠራተኛ ናት ግን ቸኩላለች፣ ኃላፊን ማስፈቀድ ነበረባት አሉና ተቀመጡ። ከሁሉም ያመመኝ የእሳቸው ነው።

ተራዬ ሲደርስ ተነሳሁ። የፊቱን ወንበር መደገፊያ ያዝኩ።

«ስህተት አለብኝ» አልኩ። ካድሬው እስክሪብቶውን አነሳ። «የመጀመሪያዋን ባልዲ በጥጥ ክር ስለሰፋኋት አፍስሳለች። ያ ጨርቅና ሙጫ የሕዝብ ነበር፤ ባለማወቅ አበላሽቻለሁ። ይህን ጻፉልኝ። ገንዳውን መቁረጤ ግን ስህተት አይደለም። ውኃ ሙሉበትና እሱ ራሱ ይናገር።»

ካድሬው ሁለት ጊዜ ደግሞ ጠየቀኝ፤ ሁለት ጊዜም ያንኑ መለስኩለት። በሦስተኛው፣ ጨርሻለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። ከኋላ አንድ ሰው ሳል መሰል ነገር አሰማ። ስብሰባው ተዘጋ።

ያን ሌሊት ሊያስሩኝ ይመጣሉ ብዬ ስጠብቅ አልመጡም። የመጣው ደብዳቤ ነው። ከሸራ ሰፊነት ወርጄ ሰቃ ቡና ጣቢያ፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ለቀማ ተመደብኩ። ገንዳው ደግሞ ቀዳዳው በጨርቅ ተወትፎ፣ ቀለም ተደርቦበት፣ በአብዮት በዓል በጭነት መኪና ላይ ሆኖ አለፈ። እኔም ከሴቶች ማኅበር ሰልፈኞች መሀል ሆኜ ከኋላው ሄድኩ።

ሰቃ ውስጥ አንዲት መበለት ቤት ተከራየሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ከጣቢያው ሴቶች ጋር ጎንበስ ብዬ የተሰበረና የጠቆረ ቡና እለቅማለሁ። ሴቶቹ በኦሮምኛ ያወራሉ፣ ይዘፍናሉ፤ ለምን እንደመጣሁ ጠይቀውኝ ነገርኳቸው። ቢላዋው ጋ ስደርስ ደግሜ እንድነግራቸው አደረጉኝ።

ቀይ ቡና መሰብሰብ ሲጀመር ገንዳውን አመጡት። የመጀመሪያውን ቡና ነክረውበት አደሩ፤ ጠዋት ሲመጡ ማዕዘኑ ተሰንጥቆ ውኃው መሬት ላይ ፈስሷል፣ ቡናውም ደርቆ ሸትቷል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ነጭ ኮፍያ የማይለያቸው ሽማግሌ፣ ገንዳውን ዞረው ዞረው አዩት። ከዚያ ሴቶቹ ነገሯቸው መሰለኝ ወደ እኔ መጡ።

«የቆረጥሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

«ኤዬ፣ አባ፣ እኔ ነኝ።»

«መስፋቱንስ ትችያለሽ?»

እችላለሁ አልኳቸው፤ ጨርቅና ሙጫ ካገኘሁ። ቡና በሚጭነው መኪና ወደ ጅማ መልእክት ላክሁ። አሥር ቀን ያህል ቆይቶ መኪናው ሲመለስ ካቦው ራሳቸው ከባዶ ጆንያ መሀል ወረዱ፤ ጥቅል ጨርቅና ሁለት ጀሪካን ይዘዋል። ፈቃድ እንዳላቸው አልጠየቅኳቸውም። ብጠየቅ ለጥገና ነው እላለሁ አሉ። ቀጥለውም፣ ስድስት ልጆች አሉኝ እኮ አሉ፣ ስለ ስብሰባው ሳልጠይቃቸው። የገመዱን ጫፍ ሰጠኋቸውና ከገንዳው አፍ ላይ እንዲያስሩልኝ ነገርኳቸው፤ አሰሩ።

በበጋ ደግሞ ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው። ፀሐዩ ሙጫውን ቶሎ ስለሚያደርቀው ጨርቅ እያስተካከሉ መቀባት አይቻልም። ስለዚህ አስቀድሜ ሁሉንም ጨርቅ በገንዳው ውስጥ በልኩ ሰፍቼ ማንጠልጠል ነበረብኝ። ለቀማ ላይ ካሉት ሴቶች አራቱ መርፌ ይዘው ገቡ። ክር መምዘዙን አሳየኋቸው፤ ሁለቴ ማሳየት አላስፈለገኝም። ገንዳው ውስጥ ቁጭ ብለን፣ እጃችንን እያከክን፣ አንድ ቀን ተኩል ሰፋን። ሙጫውን በማለዳ፣ ፀሐይ ሳይከር ቀባነው። ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ በዱላ ተጫንኩ፤ የትም ቦታ ባዶ አልጮኸም።

በአምስተኛው ቀን ውኃ ሞላንበት። በማግስቱ ሽማግሌው ጎንበስ ብለው በገንዳው ሥር ያለውን አፈር በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ አቧራ ነበር። አልሐምዱሊላህ አሉ፤ ከዚያም ወደ እኔና ወደ ሴቶቹ ዞረው «ገለቶማ» ብለው አመሰገኑን። ካቦው የእኔን ቢላዋ አንስተው በሱሪያቸው ጠርገው መለሱልኝ።

ወሬው ጅማ ሲደርስ ካድሬው ፎቶ አንሺ ይዞ መጣ። እኛን ከኋላ አቁሞ፣ እሱ ከፊት ሆኖ ገንዳውን እየነካ ፎቶ ተነሳ። ሪፖርቱ ላይ በወርክሾፑ ሠራተኞች የጋራ ጥረት ተጠገነ ብሎ ጻፈ። ወር ሳይሞላ ለእኔ ደብዳቤ መጣ፤ በረዳት ሸራ ሰፊነት ወደ ቀድሞ ሥራዬ እንድመለስ ይላል። ከደብዳቤው ግርጌ «በዚህ የሥራ መደብ አልመለስም» ብዬ ጽፌ፣ ፈርሜ በመጣበት መኪና መለስኩት። ዓርብ ቀን ቤተሰብ ልጠይቅ ጅማ ስሄድ አባቴ ሰምተው ነበር። በአፍ የተባለ ይረሳል፣ በወረቀት የተጻፈ ግን ፋይል ውስጥ ይቀመጣል አሉኝ። እኔም እንዲቀመጥ ነው የጻፍኩት አልኳቸው።

ቡና ለቀማውን ቀጠልኩ። የሚቀጥለው ገንዳ ለሰቃ ሲላክ ሽማግሌው መቀበያው ላይ አልፈርምም አሉ። ያቺ ልጅ መትታ ካልሰማችው አንረከብም አሉ። ከአጎራባች ማኅበርም አንድ ሊቀመንበር ይህንኑ አለ። ገንዳው ከነመኪናው ሁለት ቀን ጣቢያው በር ላይ ቆመ። በሦስተኛው ቀን ምቺው ተባልኩና መታሁት፤ ሁለት ማዕዘን ባዶ ነው አልኩ፤ መኪናው ይዞት ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ደብዳቤ አጭር ነው። የገንዳ ሥራ ባለሙያ ይላል። ወደ ጅማ ተመለስኩ። አባቴ ደብዳቤውን ከመነጽራቸው በላይና በታች እያዩ ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ከዚያ አዲስ የሥራ ካፖርት፣ ክንዱ እስከ አንጓ የሚዘጋ፣ ልኬን ሳይወስዱ ቆረጡልኝ።

በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ስብሰባ ነበር። ካድሬው ስብሰባው ሊያልቅ ሲል፣ በእኔ ላይ ተከፍቶ የነበረው ፋይል እንዲዘጋ አንዲት የግለሂስ ቃል ብቻ እንድናገር ጠየቀኝ። ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ የፋይሉ መዘጋት ለራሱም እንደሚያስፈልገው ያስታውቃል። ተነሳሁ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ካቦው አጠገቤ ነበሩ፤ በዚህ ጊዜ ወለሉን አላዩም።

«ሥራ አለኝ፣ ጓድ፤ ሙጫው ሊይዝብኝ ነው» አልኩና ወጣሁ።

ካቦው ተከትለውኝ ወጡ። ግቢው መሀል ላይ ደርሰው፣ ሙጫ እኮ ዛሬ አልበጠበጥንም አሉኝ። አውቃለሁ አልኳቸው። ከዚያ ገብተን መበጥበጥ ጀመርን።